በካባላ ወተት ምንድን ነው? ንጽሕና ነው የሚሉን ግማሹን ትተዋል

«ወተት ነጭ ነው፤ ስለዚህ በካባላ ወተት ማለት ንጽሕና ነው።» ስለ ካባላ፣ ማለትም ስለ አይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት የምትነገረውን ይህችን አባባል ሰሞኑን ደግሞ ከአንድ ተንታኝ ሰማኋት። ሰውየው በዚህም አላበቃም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «ወተት ጋትኋችሁ» ያለውን አምጥቶ፣ ካባላም ወተትን ለጀማሪዎች ሥጋን ለበሰሉት ይሰጣል አለን። ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ ቀቀላቸው።

ጳውሎስ የሚለካው የአማኙን ብስለት ነው። በካባላ ግን ነጩ ወተት የሔሴድ ነው፤ የቸርነትና የምሕረት ወገን። ቀዩ ደምና ሥጋ የጌቩራ ነው፤ የፍርድና የኃይል ወገን። የበሰለና ያልበሰለ የሚባል ነገር እዚህ የለም።

እስከዚህ ብዙዎች ያውቁታል። የሚረሳው ወተቱ ከየት እንደመጣ ነው። የረቢዎች የሕግና የክርክር መጽሐፍ በሆነው በታልሙድ፣ ኒዳ በሚባለው ክፍል፣ የምታጠባ እናት የወር አበባ ለምን ይቆማል ብለው ረቢዎቹ ይከራከራሉ። ረቢ ሜኢር «ደሙ ተለውጦ ወተት ይሆናል» ይላል። ሌሎቹ አልተቀበሉትም። ሐሳቡ የጥንት ሕክምና ስለሆነ ዛሬ ለሐኪምዎ ባይነግሩት ይሻላል። የካባላ ሰዎች ግን ይችን ይዘው ሩቅ ሄዱ። ደም ፍርድ ከሆነ፣ ወተትም ከደም ከመጣ፣ ወተት የተለወጠ ፍርድ ነው ማለት ነው። ድሮውንም ነጭና ንጹሕ የነበረ ነገር አይደለም።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፖላንድ የነበረው ረቢ አብርሃም ጎምቢነር፣ አይሁድ በሻቩዖት በዓል ለምን የወተት ምግብ እንደሚበሉ ሲያስረዳ የካባላን ዋና መጽሐፍ ዞሃርን ይጠቅሳል። ከፋሲካ እስከ ሻቩዖት ያሉት 7 ሳምንታት ለእስራኤል፣ ሴት ከወር አበባዋ በኋላ እንደምትቆጥራቸው 7 የመንጻት ቀናት ናቸው ይላል። ደምም ወተት ይሆናል፤ ይኸውም ከፍርድ ወደ ምሕረት ማለት ነው።

ትራንስፎርመርን አስቡ። ከግድብ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ እንዳለ ቤት ቢገባ ቤቱን ያነደዋል። ትራንስፎርመሩ ዝቅ ያደርገዋል። አምፖሉን የሚያበራው ግን ያው የግድቡ ኃይል ነው፤ ሌላ ኃይል አልመጣም። «ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል» የሚለውን ሕግ አንዳንድ የመካከለኛው ዘመን ተንታኞች በዚሁ መንገድ ያዩታል፦ ወተት ከሥጋ ጋር ሲበስል ወደ ደም ጠባዩ ይመለሳል። ዝቅ ያለውን መስመር መልሶ ከከፍተኛው ጋር እንደማገናኘት ነው።

እንዲያውም ምሳሌው ገና አላለቀም። መስመር ላይ ቀጥሎ መብራት የሚሰርቅ አለ አይደል? የ16ኛው ክፍለ ዘመን መምህር ይስሐቅ ሉሪያ ባስተማረው ካባላ የክፋት ቅርፊቶች፣ ቅሊፖት የሚባሉት፣ የራሳቸው ሕይወት የላቸውም። ከቅድስናው ይጠባሉ። አዎ፣ «ይጠባሉ» ነው የሚባለው፤ ለሕፃኑ የተባለው ያው ቃል። ወተት ንጽሕና ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን የት ሊያደርገው ነው?

ለተንታኙ አንድ ነጥብ ልስጠው። በገሊላዋ ከተማ በጽፋት ያስተማረው ይኸው ሉሪያ (1534–1572) ፅንስ፣ መጥባት፣ ሙሉ አእምሮ የሚሉ ሦስት የዕድገት ደረጃዎች አሉት። መጥባት እዚያ ላይ በእርግጥ የልጅነት ደረጃ ነው። ግን የሚያድገው በቅድሚያ የመለኮታዊው ዓለም አደረጃጀት ነው እንጂ አዲስ ምእመን አይደለም። ደግሞም ዞሃርና ሉሪያ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ከ250 ዓመት በላይ አለ። «ካባላ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው የትኛው ካባላ እንደሆነ ቢነግረን ጥሩ ነው።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ ከቤተ እስራኤል ጋር የሚያገናኙ አሉ። ዞሃር ብቅ ያለው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በስፔን ነው። ቤተ እስራኤል ደግሞ ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ የኖሩ ናቸው፤ ታልሙድም ዞሃርም በእጃቸው አልነበረም። ስለ ወተትና ሥጋ አባቶቻቸው ምን ያደርጉ እንደነበር ማወቅ የፈለገ ቄሶቻቸውንና ሽማግሌዎቻቸውን ይጠይቅ።