የካርታ ንባብ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የካርታ ንባብ ከሰሌዳ ላይ የሚገለበጥ የምልክት ዝርዝር ከሆነ ልጆች ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ሜዳ ሲወጡ ግን ይጠፋባቸዋል። ከዚህ በታች ያሉት ጅማ ውስጥ ሲያስተምሩ ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስሕተቶች ናቸው። አብዛኞቹ የሚመነጩት ከልጆቹ ሳይሆን ከአስተማመሩ ነው።

«ሰሜን ማለት ወደ ላይ ነው»

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ የሚያመጣው ስሕተት ነው። ሰሜን የት ነው ሲባል ጣቱን ወደ ጣሪያው የሚቀስር ልጅ አይሳቅበትም፤ ያየው እንደዚያ ነው። ጅማ ላይ ነገሩ ይብሳል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ከከተማው መሀል በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፤ መንገዱም ዳገት ነው። ስለዚህ «ላይ» እና «ሰሜን» በልጁ ጭንቅላት አንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ አባይም ወደ ግብፅ ሽቅብ የሚፈስ ይመስለዋል። ካርታውን አውርደው ወለል ላይ ያንጥፉት፤ የካርታው ሰሜን ከምድሩ ሰሜን ጋር እስኪገጥም ያዙሩት፤ ልጆቹን ዙሪያውን ያቁሙ። በሰሜን በኩል የቆመው ልጅ ጽሑፉ ተገልብጦበትም ወደ ጅሬን በትክክል መጠቆም ከቻለ ገብቶታል ማለት ነው።

«በቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል»

ይህ ለእኛ ከዓመቱ ሰባት ወር ያህል ብቻ የሚሠራ እውነት ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ በአናቷ ታልፋለች። በሁለቱ መካከል የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ትሆናለች፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ግንቦት ላይ ልጆቹ በቀትር ጥላ ሰሜንን እንዲፈልጉ ያደረገ መምህር ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙሯቸዋል ማለት ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይማ በቀትር ጥላ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ሰዓቱም ያሳስታል። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ጅማ ከዚያ 8 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ናት። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ሲታሰብ እውነተኛው ቀትር 6 ሰዓት ከ30 አካባቢ ይውላል፤ እንደ ወሩም ሩብ ሰዓት ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ ይላል።

በየትኛውም ወር የማያሳስተው ዘዴ ይህ ነው። ደልዳላ ሜዳ ላይ 1 ሜትር በትር ቀጥ አድርጎ መትከል፤ በክር ጫፍ ድንጋይ አስሮ አለመዝመሙን ማየት። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ የጥላው ጫፍ የደረሰበት ጠጠር ይቀመጣል፤ ከበትሩ ሥር እስከ ጠጠሩ በተለካ ክር መሬት ላይ ክብ ይሰመራል። ከሰዓት፣ 8 ሰዓት ገደማ፣ ጥላው ያንኑ ክብ መልሶ ሲነካ ሁለተኛ ጠጠር ይደረጋል። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። በትሩ ከዘመመ ሁሉም ነገር ስለሚበላሽ ከጠዋት እስከ ከሰዓት የሚጠብቀው ልጅ ይመደብ።

«1:1,000,000 ከ1:50,000 የሚበልጥ ስኬል ነው»

ስኬል በካርታው ላይ ያለ ርቀት ከምድሩ ርቀት ጋር ያለው ምጣኔ ነው፤ ስሕተቱ የሚመጣው ቁጥሩ ክፍልፋይ መሆኑ ስለሚዘነጋ ነው። ከእንጀራ አንድ ሃምሳ ሺኛው ከአንድ ሚሊዮንኛው ይበልጣል፤ 1:50,000ም ትልቁ ስኬል ነው፣ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ይወክላል። ሌላ ብዙ ጊዜ የማይታይ ስሕተት አለ፦ ካርታው በፎቶ ኮፒ እጥፍ ሲደረግ 1:50,000 የሚለው ጽሑፍ እዚያው ይቀራል፤ ካርታው ግን 1:25,000 ሆኗል። ከካርታው ጋር አብሮ የሚያድገው በመስመር የተሣለው ስኬል ብቻ ስለሆነ በተባዛ ካርታ ላይ በእሱ ያስለኩ።

«ርቀት በማስመሪያ ይለካል»

ማስመሪያ የሚለካው የአሞራ መንገድ ነው። በ1:2,000,000 ካርታ ላይ ከጅማ አዲስ አበባ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል፤ በመኪና ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመንገዱ ላይ ክር አስይዙ። ክሩም ቢሆን ከእውነተኛው ያነሰ ነው የሚሰጠው፤ በትንሽ ስኬል ካርታ ላይ ብዙ ጠመዝማዛ ቀጥ ተደርጎ ይሣላልና።

«የተጠጋጉ የከፍታ መስመሮች ከፍተኛ ቦታ ያሳያሉ»

የከፍታ መስመር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው፤ መስመሮቹ ሲጠጋጉ የሚያሳዩት ገደላማነትን ነው። ከፍ ያለ ሜዳም ቢሆን መስመሮቹ የተራራቁ ናቸው። ይህን በቃል ማስረዳት አይሞከር፤ አንድ ድንች ይበቃል። አንድ ወገኑ ቀስ ብሎ የሚያዘቀዝቅ፣ ሌላው ገደላማ የሆነ ትልቅ ድንች ለሁለት ተከፍሎ በጠፍጣፋው ይቀመጥ። ከአናቱ እስከ ታች ቀጥ ብለው የሚያልፉ ሁለት ቀዳዳዎች በረጅም ስንጥር ይበሱ፣ ስንጥሩም ይውጣ። ከዚያ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ በአግድም ይቆረጥ። ትልቁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ዙሪያው በእርሳስ ይከበባል፣ ቀዳዳዎቹም ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ቀጣዮቹ ቁራጮች ቀዳዳቸው በዚያው ምልክት ላይ እያረፈ ይሣላሉ። ቀዳዳውን የዘለለ ቡድን ቁራጮቹ ስለሚንሸራተቱበት መስመሮቹ ይቆራረጡበታል። እውነተኛ የከፍታ መስመሮች እንዲህ አይቆራረጡም፤ አንድ ነጥብ ሁለት ከፍታ የለውምና። ገደላማው ወገን ላይ መስመሮቹ ሲጠጉ ልጁ ራሱ ያየዋል።

«ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም»

ጂፒኤስ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፤ ኢንተርኔት የሚፈልገው የካርታው ሥዕል ነው፣ እሱም ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። የስልክ ኮምፓስ ግን ብረት ካለበት ዴስክና ከቆርቆሮ አጥር አጠገብ ስለሚዛባ ልጆቹ ጥቂት ሜትር ርቀው ይሞክሩት፤ ንባቡንም በበትሩ ጥላ በተገኘው የጠጠሮቹ መስመር ያመሳክሩት።