«ተሸካሚ ግድግዳ» ምንድን ነው?

«ወፍራም ስለሆነ ይሸከማል»፣ «ጭቃ ስለሆነ አይሸከምም»። ባሕር ዳር ውስጥ መንገድ ዳር ያሉ ተያያዥ ቤቶች ወደ ሱቅ ሲቀየሩ እነዚህ ሁለት አባባሎች አይጠፉም፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ የለንደን ሱቆችን ፎቶ ይዞ መጣ፦ «ታች መስታወት፣ ላይ ሦስት ፎቅ ጡብ፤ ታዲያ የፊት ግድግዳ ምን ይሸከማል?»

ተሸካሚ የሚባለው ወራጅ፣ ሶሌታ ወይም ሌላ ግድግዳ ያረፈበት ነው። ቃሬዛ አስቡ። ታማሚውን ተከትሎ ሃያ ሰው ይሄዳል፤ እንጨቱ ያለው አራቱ ትከሻ ላይ ነው። ሌላው ትከሻው የቱንም ያህል ቢደነድን አጃቢ ነው፤ በኮለንና በቢም (በአርማታ ቋሚና አግዳሚ) በቆመ ሕንፃ ውስጥ ያለ የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬትም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ። ከአራቱ ቀጭኑ ልጅ ድንገት ቢወጣ ቃሬዛው ወዲያው አይወድቅም፤ ሦስቱ ዘመም ብለው ይይዙታል፣ ጉልበት የሚከዳቸው ቁልቁለቱ ላይ ነው። «አፍርሰነው ሁለት ዓመት ሆነው፣ ምንም አልሆነ» የሚል ሰው ቁልቁለቱ ገና አልደረሰበትም።

የለንደኑ ፎቶ የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው። እዚያ ከ1666 እ.ኤ.አ. ቃጠሎ በኋላ የ1667ቱ ሕግ ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ አስገደደ። ኋላ ምድር ቤቱ ሱቅ ሲሆን የፊቱ ጡብ ተነሣ፤ በምትኩ ከጎን ግድግዳ እስከ ጎን ግድግዳ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ገባ። የሚሸከመው ከሱቁ ስም ሰሌዳ ጀርባ የተደበቀው ይህ አግዳሚ ነው። ጫፉ ጡብ ውስጥ ስለተቀበረ እርጥበት ይበላዋል፤ ሲጎብጥ የላይኞቹ መስኮቶች ይጣመማሉ። የጎን ግድግዳውን መብሳት ደግሞ የአግዳሚውን መቀመጫ መንካት ነው፤ ግድግዳው የጎረቤትም ነው።

ወደ እኛው ጭቃ ቤት ስንመጣ፣ ጭቃው በእርግጥ አይሸከምም፤ ቋሚው ነው የሚሸከመው። ጭቃና ማገር ቋሚዎቹ እንዳይወላገዱ ይይዛሉ። ግን የአሮጌ ቤት ቋሚ እግሩን ምስጥና እርጥበት ይበላዋል፤ ሐይቁ ዳር፣ ውሃው ለመሬት በቀረበበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል። ያኔ ጣሪያውን ያቆመው ያ «የማይሸከመው» ጭቃ ከነማገሩ ይሆናል። ለሰፊ በር ሲቆረጥ ቤቱ ቁጭ የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት የቋሚውን ሥር ቆፍሮ በመጥረቢያ ጀርባ መምታት፣ ከኮርኒሱ በላይም ወጥቶ ማየት ነው። ወራጁ ከፊት ወደ ኋላ ከሄደ የፊቱ ግድግዳ ይሸከማል። አግዳሚው ከጎን ወደ ጎን ከተዘረጋ የጋራው ግድግዳ ይሸከማል፤ ከወዲያም የጎረቤት አግዳሚ ሊያርፍበት ስለሚችል የእሱንም ኮርኒስ ማስከፈት ግድ ነው።

ድንጋይ ቤት ላይ ቁጥሩ ሌላ ነው። ባለ 50 ሳንቲ ሜትር የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ላይ 3 ሜትር በር ተከፍቶ ከላይ 1 ሜትር ግድግዳ ቢቀር፣ እሱ ብቻ ወደ 4 ቶን ነው። ከኮርኒሱ ሥር የተተከለ ፑንቴሎ (ጊዜያዊ የድጋፍ ምሰሶ) የሚይዘው ጣሪያውን እንጂ ድንጋዩን አይደለም። ለድንጋዩ ግድግዳውን በየሜትሩ በስቶ አጫጭር አግዳሚ ማሾለክና ሁለቱንም ጫፋቸውን በፑንቴሎ መደገፍ፣ ከፑንቴሎው እግር ሥርም ጣውላ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ከበሩ በላይ የሚሞላው የአርማታ ቢም በየጫፉ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ይረፍ። አርማታው የሚለካበት ጥንካሬ የ28 ቀን ነው፤ ተከራይ ቸኩሏል ተብሎ በሳምንቱ ፑንቴሎ አይነቀልም።

በ3 ሜትር ላይ ተዘርግቶ የነበረው ሸክም አሁን በበሩ ግራና ቀኝ ብቻ ይወርዳል፤ መሠረቱ ለዚያ አልተሠራም። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከበሩ ማዕዘን ሽቅብ የሚሄድ ሰያፍ ስንጥቅ ከቢሙ ይሁን ከአፈሩ በአንድ ጊዜ ጉብኝት አይለይም። ስንጥቁ ላይ ጣት የምታህል ጀሶ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ነው፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው።