«በሩ አልተሰበረም» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰው በቤቱ ተገድሎ በተገኘ ቁጥር አንድ አባባል ይከተላል፦ «በሩ ስላልተሰበረ ገዳዩ የቤት ሰው ነው።» ሰሞኑንም አንድ ተንታኝ በሙሉ ልብ ሲናገረው ሰማሁ። ይህ ድምዳሜ ቁልፍ በእጇ የነበረችውን የቤት ሠራተኛ ገና ቃሏን ሳትሰጥ ወንጀለኛ ያደርጋታል፤ የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው።

አባባሉ የሚናገረው ስለ በሩ እንጂ ስለ ገባው ሰው አይደለም። በመዝጊያው፣ በመቃኑና በማጠፊያው ላይ የጉልበት ምልክት አልታየም ማለት ብቻ ነው።

በርን ዘበኛ ነው እንበል። ዘበኛው ሳይቆስል ከተገኘ ወዳጁን አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ተኝቶም ሊሆን ይችላል፤ ሳይቆለፍ ያደረ በር ማለት ነው። ተታልሎም ሊሆን ይችላል። ከ1962 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ቦስተንና አካባቢዋ ሴቶች በየመኖሪያቸው ሲገደሉ በሮቹ በአብዛኛው አልተሰበሩም ነበር። ገዳዩ እኔ ነኝ ያለው አልበርት ዴሳልቮ የቤት ሰው አልነበረም፤ ጠጋኝ መስሎ እያንኳኳ እንደገባ ተናገረ። የሁሉም ገዳይ እርሱ መሆኑ እስካሁን ያከራክራል፤ በ2013 ግን የዘረመል ምርመራ ከአንዱ ግድያ ጋር አያይዞታል።

የቆሰለ ዘበኛም ቢሆን ወዲያው አይታመንም። ቁስሉ ከዓመታት በፊት የተሞከረ ስርቆት ጠባሳ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለእርዳታ የደረሱ ጎረቤቶች በሩን በእግራቸው ሲመቱ ያደረሱት። ራሱን ያቆሰለም አለ፦ የመስኮቱ ስባሪ ከተበረበረው ልብስ ሥር ሳይሆን በላዩ ተበትኖ ከተገኘ፣ መስታወቱ የተሰበረው ከብርበራው በኋላ ነውና ትዕይንቱ ተቀነባብሮ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

በውጭ ያልታየ ነገር በውስጥ ሊኖርም ይችላል። ሲሊንደር በሚባለው፣ ቁልፍ በሚገባበት የበሩ አካል ውስጥ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚገፉ ጥቃቅን ዘንጎች አሉ። በሩን ያለ ቁልፍ ለመክፈት በሽቦ መሰል መሣሪያ ከተነካኩ ጫፋቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ጭረት ይቀራል፤ የሚታየውም በማይክሮስኮፕ ነው። ስለዚህ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ቁልፍ የሚያስገባ መርማሪ ማስረጃውን በገዛ እጁ ያበላሻል። ሲሊንደሩ መጀመሪያ ፎቶ ይነሣ፣ ከዚያ ይፈታ።

«በሩ ተዘግቶ ነበር» ለሚል ምስክርም ተከታይ ጥያቄ አለ። በቁልፍ ተዙሮ ነው ወይስ ተገጥሞ ብቻ? ሲገጠም ራሱ የሚዘጋ በር ገዳዩ ወጥቶ ሲስበው ያለ ምንም ቁልፍ ከኋላው ይቆለፋል።