የማይላቀቅ ፑሊ እና የሞተር ዘይት መፍሰስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሞተር በፊት በኩል ዘይት ሲያፈስ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው የክራንክ ሻፍቱን (በፒስቶኖቹ ጉልበት የሚዞረውን ዋና ዘንግ) ጫፍ ዙሪያውን የሚያሽገው የፊት ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክል ቀለበት) ነው። ሲሉ በራሱ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሥራውን የሚያከብደው ከፊቱ የተገጠመው ፑሊ (ቤልት የሚያዞረው መንኮራኩር) ነው። ለዓመታት በሙቀት፣ በአቧራና በዝገት ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ስለሚጣበቅ ቡሎኑ ከወጣ በኋላ እንኳ አልነቃነቅ ይላል። በየጋራዡ የሚሰሙት የተሳሳቱ ምክሮችም በአብዛኛው የሚወለዱት በዚህ ጊዜ ከሚመጣው እልህ ነው።

«ፑሊው ላይ ዘይት ከታየ የሚያፈሰው ሲሉ ነው።» ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ የሚሽከረከር ፑሊ ደግሞ የነካውን ሁሉ ይረጫል፤ ስለዚህ ከላይ ከቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የሚወርድ ዘይት ከሲሉ የወጣ ሊመስል ይችላል። ከመፍታት በፊት የሞተሩን ፊት አጥቦ ማድረቅ፣ ጥቂት ነድቶ መመለስና እርጥበቱ ከየት እንደሚጀምር ከላይ ወደ ታች በባትሪ መብራት መመርመር ይገባል። የግማሽ ሰዓቱ ድካም የግማሽ ቀን ሥራ ሊያስቀር ይችላል።

«አልወጣ ካለ ጠርዙን ይዞ መሳብ ወይም በመዶሻ መምታት ነው።» በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋውን ጉዳት የሚያስከትለው ይህ አስተሳሰብ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ያለው ፑሊ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ፊቱን ጠርጎ በቅርበት ለተመለከተው በውስጠኛው እምብርትና በውጪው ቀለበት መካከል ቀጭን ጥቁር ክብ ይታያል፤ ይህ የክራንክ ሻፍቱን ንዝረት የሚያበርድ ጎማ ነው። ባለሦስት ጥፍር ፑለር (ፑሊ መሳቢያ መሣሪያ) የውጪውን ጠርዝ ይዞ ሲስብ ጉልበቱ በሙሉ በዚህ ጎማ ላይ ያርፋል፤ ጎማው ይቀደዳል፣ ቀለበቱም ከእምብርቱ ይላቀቃል። በመዶሻ መምታትም ፑሊውን ከማጣመም አልፎ የክራንክ ሻፍቱን የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ የሚገድበውን ቡሽ ሊጎዳ ይችላል። በፌሮ መፈልቀቅ ደግሞ ከኋላ ያለውን የአልሙኒየም ክዳን ይሰነጥቃል። ትክክለኛው መንገድ እዚያው ፑሊው ላይ አለ፦ በብዙ ሞተሮች እምብርቱ ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች ይገኛሉ። የፑለሩ ቡሎኖች እዚያ ገብተው መሐለኛው ብሎን ክራንክ ሻፍቱን ሲገፋ ጎማው ምንም አይነካም። ዋናውን ቡሎን ጥቂት ዙር ብቻ ፈትቶ በቦታው መተውና ፑለሩ የእሱን ራስ እንዲገፋ ማድረግ የክራንክ ሻፍቱን የውስጥ ጥርስ ያድናል።

«ቡሎኑን ለመፍታት መፍቻ አስደግፎ በሞተሪኖ መምታት ለሁሉም መኪና ይሠራል።» የተደገፈው መፍቻ ቡሎኑን ይዞ ሲያቆም ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ክራንክ ሻፍቱን ያዞረዋል። ብልሃቱ የሚሠራው፣ ከፑሊው ፊት ሆነን ስናየው፣ ሞተሩ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ በርካታ የሆንዳ ሞተሮች በተቃራኒው ስለሚዞሩ ቡሎኑን ይብስ ያጠብቁታል። ለእነዚህ በፑሊው መሐል ባለው ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ የሚገባ ባለ 50 ሚሊሜትር መያዣ አለ። አቅጣጫው ትክክል ቢሆን እንኳ መፍቻው ቢያመልጥ አጥንት ይሰብራልና እኔ አልመክረውም።

«የቡሎኑ ሥራ ፑሊውን መያዝ ብቻ ነው።» በብዙ ሞተሮች ላይ ፑሊውንና የታይሚንግ ጥርሱን (ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር በጊዜያቸው እንዲሠሩ የሚያገናኘውን ቼይን ወይም ቤልት የሚያዞረውን) በቦታቸው የሚያቆም ትንሽ ቁልፍ ብረት አለ። እንደ ፎርድ ዱራቴክ 2.0 ባሉ አንዳንድ ሞተሮች ላይ ግን ይህ ብረት የለም፤ የታይሚንጉ ጥርስ የሚቆመው በቡሎኑ ጥብቀት ብቻ ነው። ክራንክ ሻፍቱንና ካም ሻፍቶቹን (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) ሳይቆልፉ ቡሎኑን መፍታት ታይሚንጉን ያዛባል። ሲመለስም «በደንብ ጠብቋል» ማለት አይበቃም፦ የቶዮታ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ቡሎን በ128፣ የ1ዜድዜድ-ኤፍኢ ደግሞ በ138 ኒውተን ሜትር በቶርክ ሬንች (ጥብቀትን በሚለካ መፍቻ) ይጠብቃል። የአየር መፍቻ ለመፍታት ጥሩ ነው፤ ለማጥበቅ ግን አይሆንም።

«በእሳት ማሞቅ ያላቅቀዋል።» ብረቱን ያላቅቀው ይሆናል፣ ጎማውን ግን ያቃጥላል። ዝገት የሚያላላ ፈሳሽ ይሻላል፤ ቢቻል አሳድሮ መጠበቅ እንጂ ረጭቶ ወዲያው መታገል አይጠቅምም።

«ሲል ለመቀየር የግድ ታይሚንግ መፈታት አለበት።» ይህ እንደ ሞተሩ ይለያያል። ታይሚንግ ቼይን ባላቸው ብዙ ሞተሮች ሲሉ የፊት ክዳኑ ላይ ስለተቀመጠ ፑሊው ከወጣ ይበቃል። በቶዮታ ሃይስ ሚኒባሶች ላይ እንደሚገኙት 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ዲዝል ሞተሮች ያሉት ግን በታይሚንግ ቤልት የሚሠሩ ስለሆኑ ቤልቱ መውጣቱ አይቀርም። በእነዚህ ላይ መዘግየትም አደገኛ ነው፤ ዘይት የነካው ቤልት ይለሰልሳል፣ በዲዝል ሞተር ላይ ሲበጠስ ደግሞ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ዘይት የጠጣ ቤልት ጠርጎ መመለስ አይገባም።

«አዲስ ሲል ከገባ ፍሳሹ ያበቃል።» አሮጌው ሲል ከንፈሩ ያረፈበትን ብረት ለዓመታት ሲፍቅ ቀጭን ቦይ ይቆፍራል። በአንዳንድ ሞተሮች ይህ ገጽ የፑሊው አንገት ራሱ ነው። ጥፍርን በላዩ ሲያስኬዱት የሚይዝ ከሆነ አዲሱም ሲል ማፍሰሱ አይቀርም፤ መፍትሔው ቀጭን የብረት እጅጌ ማልበስ ወይም ፑሊውን መቀየር ነው። የሲሉ ቀለበት ስፕሪንግ ወደ ዘይቱ በኩል መዞር፣ ከንፈሩም በንጹሕ ዘይት መቀባት አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሲሉ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ካፈሰሰ የሞተሩን የውስጥ ጋዝ የሚያስተነፍሰው ቫልቭና ቱቦ ይመርመር፤ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል።