ቤት ያለው ቪፒኤን ምኑን ይደብቃል?

ጣና ዳር ካፌ ቁጭ ብለህ፣ በካፌው ዋይፋይ እቤትህ ካለው ራውተር ጋር በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ መስመር) ተገናኘህ እንበል። ከስልክህ እስከ ቤትህ ያለው መንገድ ተቆልፏል። የዋይፋዩ ባለቤት የሚያየው ከአንድ አድራሻ ጋር የተመሰጠረ ነገር እንደምትለዋወጥ ብቻ ነው፤ የትኛውን ገጽ እንደከፈትክ አያውቅም። ይሄ በጣም ጠቃሚ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቀጥሎ ነው። መረጃው ቤትህ ሲደርስ ቁልፉ ይፈታና በራስህ የቤት መስመር ይወጣል፤ ስለዚህ ኢንተርኔት የሚያቀርብልህ ድርጅት ሶፋህ ላይ ተቀምጠህ ብትከፍተው የሚያየውን ያህል ያያል፣ ድረ ገጹም የሚመዘግበው የቤትህን አይፒ አድራሻ (መስመርህ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ነው። ውጭ አገር ያለህ አያስመስልህም። በአካውንትህ ከገባህማ ፌስቡክ ማን እንደሆንክ ያውቃል፤ ጂፒኤስ ከፈቀድክለትም ጣና ዳር መሆንህን ጭምር።