ቡናው ያው ነው፣ የተለወጠው ብርሃኑ ነው

የጅማ ሰማይ በቡና ለቀማ መጀመሪያ ሰሞን ገና አይጠራም። አልጋ ላይ የተሰጣ ጀንፈል በስልክ አነሳለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደመና ይመጣና ያው ጀንፈል ጠቁሮ ይወጣል። ቡና እንዲለይ ኮምፒውተር ማስተማር የጀመሩ ልጆች እዚህ ጋ ተስፋ ሲቆርጡ ያሳዝኑኛል። ተስፋ የሚያስቆርጣቸው ጥቂት የተሳሳተ ግምት ነው።

«ብርሃኑ ከተለወጠ ፎቶው አይረባም።»

ይረባል። ሎካል ባይነሪ ፓተርን የሚባለው ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቲሞ ኦያላና ባልደረቦቹ ፊንላንድ ውስጥ በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ያዳበሩት፣ አንድን ፒክስል (የፎቶውን ትንሿን ነጥብ) በድምቀቱ ከ8 ጎረቤቶቹ ጋር ያስተያያል። መሃለኛው 90 ይሁን። ጎረቤቶቹ በተራ 95፣ 88፣ 102፣ 90፣ 70፣ 85፣ 91፣ 60 ናቸው እንበል። እኩል ወይም የሚበልጠው 1፣ የሚያንሰው 0 ይሰጠዋል። 10110010 ይወጣል፤ በአስር ቤት ሲቆጠር 178። አሁን ደመና መጣ፣ ሁሉም በ30 ቀነሰ። መሃለኛው 60፣ የመጀመሪያው ጎረቤት 65 ሆነ። ማን ከማን እንደሚበልጥ ስላልተለወጠ፣ ውጤቱ አሁንም 178 ነው! እኔ ይህን መጀመሪያ በእስክሪብቶ ስሠራው ደስ ብሎኝ ደግሜ ቆጥሬዋለሁ።

የእጃችሁ ጥላ በከፊል ቢያርፍበትስ? ከጥላው ውስጥ ያለው ብዙም አይነካም፤ የሚበላሸው የጥላው ጠርዝ ነው።

«እንግዲያው ቶን (የድምቀቱ መጠን) አያስፈልግም።»

ይህ ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው። ለዘዴው 91ም 250ም ያው 1 ናቸው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ይጠፋል። የምስል ትንተና ተመራማሪው ሮበርት ሃራሊክ ገና እ.ኤ.አ. በ1973 ቴክስቸር (የገጽታው ሸካራነትና ልስላሴ) እና ቶን እንደማይነጣጠሉ ጽፎ ነበር። ስለዚህ ኮዱ (እንደ 178 ያለው ቁጥር) ላይ የአካባቢውን የድምቀት መለዋወጥ መጨመር ይበጃል። በተለይ ልሙጥ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ቡናው የተሰጣበት ሸራ፣ የካሜራው ትንሽ ጫጫታ (የፒክስሎቹ የዘፈቀደ መዛባት) ብቻ 0ውን 1 ያደርገዋል።

«ፍሬው ዞሮ ከተኛ ኮምፒውተሩ ሌላ ነገር ይመስለዋል።»

በመጀመሪያው አሠራር እውነት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 8ቱን አሃዞች በክብ አዙሮ ትንሹን ቁጥር መያዝ።

«በዲፕ ለርኒንግ ዘመን ይህ አርጅቷል።»

ዲፕ ለርኒንግ (ኮምፒውተሩ ከብዙ ምሳሌ ራሱ የሚማርበት ዘዴ) ከዜሮ ሲሠለጥን ብዙ ሺህ ምልክት የተደረገበት ፎቶ ይፈልጋል። እጃችሁ ላይ ያለው መቶ የጀንፈል ፎቶ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ፎቶ ወደ 256 ዓምድ ሂስቶግራም (እያንዳንዱ ኮድ ስንት ጊዜ እንደመጣ ወደሚያሳይ ቆጠራ) ቀይሩትና ዛሬውኑ ማነጻጸር ጀምሩ። ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል።