የጊታር አምፕሊፋየር የቶን ማስተካከያዎች

አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየሮች ሦስት የቶን ማስተካከያዎች አሏቸው፦ ቤዝ፣ ሚድል እና ትሬብል። ቤዝ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል፣ ትሬብል ቀጭኑንና ስለታሙን፣ ሚድል ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን። እስከዚህ ቀላል ነው።

ሦስቱም 5 ቁጥር ላይ ሲቆሙ የጊታሩ ድምፅ ሳይነካ ያልፋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። በባለ ቱዩብ አምፖች (በቫኩም ቱዩብ ድምፅ በሚያጎሉ አምፕሊፋየሮች) ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የቶኑ ሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ መስመር) በብዛት የሚሠራው ከካፓሲተርና ከሬዚስተር ብቻ፣ ማለትም ራሳቸው ድምፅ ከማያጎሉ ዕቃዎች ነው፤ ስለዚህ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም። ትሬብልን ወደ 10 መውሰድ ማለት ከቀጭኑ ድምፅ የሚቀነሰው እያነሰ ሄደ ማለት ነው። ፌንደር የተባለው ኩባንያ በሠራቸው አንዳንድ አምፖች ሦስቱንም ዜሮ ላይ ካደረጋችኋቸው ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል። በእነዚሁ አምፖች ጊታሩ እንዳለ የሚሰማው ሚድል ከፍ፣ ቤዝና ትሬብል ዝቅ ሲሉ ነው።

ሦስቱ ሰርኪዩቱን ስለሚጋሩ አንዱ ሌላውን ይነካል። ትሬብል በጣም ከፍ ካለ ቤዝና ሚድል ቢዞሩም ብዙ ለውጥ አያመጡም። አንዱን ነካ ካደረጋችሁ ሌሎቹን እንደገና መፈተሽ ግድ ነው።

እኔ ብጠየቅ የማስቀድመው ሚድልን ነው። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር ድምፅ 82 ሄርዝ (በሴኮንድ 82 ንዝረት) አካባቢ ነው። የቀጭኑ ክር 24ኛ ፍሬት ደግሞ 1,300 ሄርዝ ገደማ ይደርሳል። የጊታር ስፒከርም ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን እምብዛም አያወጣም። ስለዚህ የጊታር ዋና ቤቱ መሀሉ ነው። ሚድሉን አጥፍቶ ቤዝና ትሬብል መጨመር ብቻውን ለሚለማመድ ሰው ደስ ይላል። ከድራምና ከቤዝ ጊታር ጋር ሲሆን ግን ጊታሩ ይዋጣል፤ ወፍራሙን ቦታ ቤዝ ጊታሩ፣ ስለታሙን ሲምባሉ ይይዙታል።

አምፖችም በዚህ ይለያያሉ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበሩት የፌንደር አምፖች 400 ሄርዝ አካባቢ ድምፁን በደንብ ያጎድሉታል፤ ያ ጥርት ያለ ድምፃቸው በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ማርሻል የተባለው አምራች በ1962 እ.ኤ.አ. ጄቲኤም 45 የተባለውን አምፕ የሠራው ቤዝማን የተባለውን የፌንደር አምፕ ሰርኪዩት ይዞ ነበር። በኋላ ግን የአንዳንድ ዕቃዎችን መጠን ለወጠና ሚድሉ ጎላ።

ፕሬዘንስ የሚባለው ማስተካከያ ከሦስቱ ተለይቶ በመጨረሻው የማጉያ ክፍል ላይ ይሠራል፤ የላይኛውን ስለታም ድምፅ ያነሳል። ቮክስ ኤሲ 30 በተባለው አምፕ ላይ ያለው «ከት» (መቀነሻ) የሚባል ማስተካከያ ደግሞ ግልባጩ ነው። ወደ ላይ ባዞራችሁት ቁጥር ስለታሙ ድምፅ ይቀንሳል።

ድምፁ ሲጨምር ቶኑም የተለወጠ ይመስላል። ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ቤዝና ትሬብልን አሳንሶ ይሰማል፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በ1933 እ.ኤ.አ. በመለኪያ አሳይተዋል። ቤት ውስጥ ቀስ ተብሎ የተስተካከለ ቶን መድረክ ላይ ቤዙ የሚያጉረመርመው፣ ትሬብሉም ጆሮ የሚወጋው በዚህ ምክንያት ነው። በመድረኩ ድምፅ ልክ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ቀጭኑ ድምፅ ከስፒከሩ የሚወጣው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ነው። አምፑ እግራችሁ ሥር ካለ እናንተ በደንብ የማትሰሙት ትሬብል ፊት ለፊት ያለውን አድማጭ ይመታዋል። ስታስተካክሉ ጎንበስ ብላችሁ ጆሯችሁን ከስፒከሩ ጋር አስተካክሉ፣ ወይም አምፑን ወንበር ላይ አውጡት።